በድንጋይ የተያዘ ቴሌቪዥን

በሰው ልጅ ላይ ከሚወርደው አደጋ ግማሹን የሚያመጣው ክፉ ሰው አይደለም፤ «ምንም አይልም» ባይ ደግ ሰው ነው። ከክፉ ሰው ይሸሻል። ደጉ ግን እየሳቀ እጅህን ይዞ ይወስድሃል። እናንተም ዘንድ አንድ አይጠፋም። የእኛው የእህቴ ባል ነው፤ ሙያው ልብስ ሰፊ፣ ሰፈሩ የሰጠው ማዕረግ ደግሞ ክቡር ጋሼ ምንም አይልም።

ክቡርነታቸው ከአባታቸው የወረሷት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ መኪና አለቻቸው። ቤታቸው ቁልቁለቱ ሥር ስለሆነ ቴሌቪዥን ምስል አይዝም፤ ዳገቱ አናት ላይ ግን ጥርት ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንቴናውን ረጅም እንጨት ላይ ይሰቅል ነበር። እሳቸው ቴሌቪዥኑንና እኔን መኪናዋ ውስጥ ጭነው ዳገት ወጡ።

የመኪናዋ ባትሪ ስድስት ቮልት ነው፣ ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው አሥራ ሁለት። ስለዚህ ሌላ ባለ ስድስት ባትሪ አምጥተው በሽቦ አያያዙና በእግሮቼ መካከል አስቀመጡት። ሽቦዎቹን ሲያነካኩ ጧ ብሎ ፈነጠቀ። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ እሳት እኮ ነው!»

«ከፈነጠቀ መብራት አለ ማለት ነው። ምንም አይልም!»

ሞተሩ ከተነሳ ምስሉ በመስመር ይሞላል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይጠፋል። ከጠፋ ባትሪው ይደክማል፣ ከደከመ መኪናዋ የምትነሳው ቁልቁል ስትንደረደር ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ያቆሟታል። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፣ ማርሿም በገዛ ፈቃዷ ትወጣለች። የእግር ፍሬኑ ሦስቴ ካልተረገጠ አይሰማም። ይዘውን የቆሙት ከፊት ጎማዎቹ ሥር የተወሸቁ ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ታች ደግሞ የግንብ አጥር አለ።

የዋንጫው ጨዋታ ቀን እህቴ በር ላይ ያዘችኝ። «ወንድሜ፣ አደራህን፣ ሰውየውን በሰላም መልስልኝ።» እኔንስ ማን ሊመልሰኝ ነው?

አንቴናውን በመስኮት አውጥቼ የምይዘው እኔ ነኝ። ስለቀው ሽሽሽ ይላል፣ ስይዘው ምስል ይመጣል።

«ጎል ቢገባ እንኳ እንዳትዘል። ድንጋዮቹ ብዙም አያስተማምኑም» አሉኝ፤ የነገሩኝም ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ጎል ገባ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ዘለው ጣሪያውን በአናታቸው የመቱት ክቡርነታቸው ናቸው። ከሥራችን አንድ ነገር ቋ አለና መኪናዋ ቀስ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች።

«ምንም አይልም» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዝለል! በሩን ክፈትና ዝለል!»

«ጋሼስ?»

«መሪውን ማን ይያዝ? ዝለል አልኩህ፣ ልጅ አለህ!»

እሳቸውም አሏቸው፣ ሦስት። እኔ ግን ጣቶቼ አንቴናው ላይ ደርቀው ቀሩ። ፍሬኑን አንዴ ረገጡት፣ ሁለቴ ረገጡት፣ ግንቡ መጣብን። በሦስተኛው ያዘ። ከግንቡ የለየን አንድ ክንድ ነው።

ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ ይላል፤ ዞሮ ያየው የለም። በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ደረቴን ከወንበሩ ጋር አጣብቀው ይዘዋል።

«ለእህትህ እንዳትነግራት» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምንም አይልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመኪናዋ ጥሩምባ ሲጮህ ቀድሜ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፈርቻለሁ። በእጄ ግን መርጬ ያመጣኋቸውን ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ይዣለሁ።