ክላረንስና እንቅልፋሟ ፌሬት

ስጋታም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሰማዩ ጥርት ሲል ዝናቡ የት ገብቶ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ፣ ደብዳቤ ሲመጣለት ሳይከፍተው ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የትም አለ። በእንግሊዟ ዮርክሻየር፣ የከሰል ጉድጓዱ በተዘጋባት በዚያች መንደር ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዘው ክላረንስ ነው። ሚስቱ ኤድና «ክቡር ሊቀመንበር» ትለዋለች። ሊቀመንበሩም ስብሰባውን ሁልጊዜ የሚከፍተው በአንድ ንግግር ነው፦ «ይሄ ነገር በደህና አያልቅም!»

የሚገርመው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው መሬት ሥር ነው። ጣራው ከላዩ ሲንቋቋ ዳቦውን እየገመጠ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ፍርሃት የገባው ኤድና በዚያ በበረዶው ወቅት ወጥ ቤት ውስጥ ልቧን ይዛ የወደቀች ዕለት ነው። ሐኪሞቹ አድነው መለሱለት፤ እሱ ግን አላመናቸውም። ደረጃ ስትወጣ እጁን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላታል። ስታስል ኮቱን ይለብሳል። ሻይዋን ይዛ ትንሽ ዝም ካለች «ምነው? የቱ ጋ ነው ያመመሽ?» ይላታል። ልቧ የማራትን ሴት ባሏ ሊጨርሳት ደረሰ።

ስለዚህ መላ ዘየደች። ጎረቤታቸው ሽማግሌው አሞስ ፌሬት ያረባል። ፌሬት ከሽለምጥማጥ ወገን የሆነች፣ ጥንቸል ከጉድጓዷ የምታስወጣ ቀጭን አውሬ ናት።

«ከግልገሎቹ አንዷን ስጠው» አለችው ኤድና። «ይሄ ሰውዬ ሌላ የሚፈራላት ነገር ያግኝ። እኔም ልተንፍስ።»

ክላረንስ ግልገሏን በድሮው የምሳ ቆርቆሮው ይዟት መጣ። አየር እንዳያጥራት ክዳኑን ወንፊት አድርጎታል። የሰፈሩ ወንዶች ፌሬታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይዞራሉ፤ እሱ ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ ነው የሚነካት።

«አንተ ልጅ!» አለው አሞስ አጥሩን ተደግፎ፣ ስድሳውን ያለፈውን ሰውዬ። «ሕፃን እኮ ናት! ብትነክስህ እጅህን አትንጠቃት፤ ከነጠቅካት ይለምድባታል።»

«ቀበሮ ቢመጣባትስ? ብርድ ቢመታትስ?»

«አንተስ ብትደርስባት?» አለ አሞስና ወደ ቤቱ ገባ።

ማደሪያዋ ግቢ ውስጥ ተሠርቶ ሳለ ክቡር ሊቀመንበሩ እሳቱ አጠገብ አስተኛት። ቤቱ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በካልሲ ወተፈ። «ቆይ! እንዳትቀመጪባት!» እያለ ወንበሩን ዳብሶ እስኪጨርስ ኤድናን ያቆማት ጀመር። ስም አውጣላት ስትለው «ስም ያወጣሁላት ቀን ትሞታለች» ብሎ እምቢ አለ። ግልገሏ ስትተኛ ደግሞ የመላጫ መስታወቱን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ በእስትንፋሷ ጭልም ማለቱን ያያል። ኤድና ግን ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። እሰይ አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታች የክላረንስ ጩኸት ተሰማ። ስትወርድ ግልገሏ መዳፉ ላይ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥላለች። ጠራት፤ ዝም። ነቀነቃት፤ አንገቷ ወደቀ። መስታወቱን ደቀነባት፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ምንም አይታየውም።

«አላልኩም? በደህና አያልቅም አላልኩም ኤድና?»

ኤድና ልትቀልድበት ጀምራ ፊቱን ስታይ ተወችው። ይቺ ከሞተች ይሄ ሰውዬ ከእንግዲህ ምንም ነገር ይተርፍልኛል ብሎ አያምንም፤ ይሄን ጉድ ያመጣሁበትም እኔው ነኝ ብላ ወደ አጥሩ ሮጠች።

«አሞስ! ኧረ ድረስልን!»

«አትሩጪ! ልብሽ! ኤድና፣ ልብሽ!» እያለ ክላረንስ ፌሬቷን ታቅፎ ተከተላት።

አሞስ ቁራጭ ጉበት ይዞ ወጣ። የግልገሏን አፍንጫ በጉበቱ አሸት አደረገው። ምንም የለም። ኤድና የባሏን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። አሞስ ደገመው። ቆይቶ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። አንድ ዓይኗን ገለጠች፣ አዛጋች፣ ከዚያ ጉበቱን ከነጣቱ ነከሰች።

«እንቅልፋቸው እንዲህ ነው» አለ አሞስ እጁን ሳይነጥቅ። «እኔም የመጀመሪያዋን ልቀብር ጉድጓድ ቆፍሬላት ነበር።»

ግልገሏ መሬት ስትወርድ ጀርባዋን ቆልምማ፣ ከአጥሩ ጋር እየተላተመች ወደ ጎን ወደ ጎን ትዘል ጀመር።

«የሚጥል በሽታ!» ብሎ ክላረንስ ጮኸ።

«ደስታ ነው፣ አንተ ልጅ! ደስ ሲላቸው ይጨፍራሉ። ደስታ አይተህ አታውቅም እንዴ?»

በማግስቱ ኤድና ምሳዋን በልታ ወንበሯ ላይ አሸለበች። ከአፍንጫዋ ሥር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካት ነቃች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። የመላጫ መስታወቱ ነው። ለካ ፌሬቷን እያየ እሷንም አልተዋትም ኖሯል! ልትጮህበት ቃጣት። መስታወቱ ከንፈሯ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ትናንት አጥሩ ጋ ያራዳት ፍርሃት ትዝ አላት፤ ይሄ ሰውዬ ከወደቀችበት ዕለት ጀምሮ በየቀኑ ይዞት የሚውለው ይሄንኑ ፍርሃት ነው። አንጀቷን በላት።

የተኛች መስላ አየሩን እስከ ሆዷ ሳበች፤ ከዚያ መስታወቱ ጭልም እስኪል ድረስ ተነፈሰችለት።