ሊቀ ነጎድጓድ ከባዱን ድምፅ ሲፈልጉ

ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ግድግዳ የሚያፈርስ ድምፅ እቀዳለሁ ብሎ ያምናል። ሐኪም ይሁን ሹፌር ለውጥ የለውም፤ ይህ እምነት አንዴ ከያዘ አይለቅም። በሽታው የጸናባቸው ግን የእኛ ባንድ ጊታሪስት ናቸው። "ሊቀ ነጎድጓድ" እንላቸዋለን። በዕድሜ እኔ በሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ አንቱታው ለማዕረጋቸው ነው።

ሊቀ ነጎድጓድ የሚቀዱት እናታቸው ቤት፣ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነው። አምፕሊፋየሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ማይኩ ፊቱ ይደቀናል፣ የቁም ሳጥኑ ልብስ አልጋው ላይ ይከመራል። አንድ ጊዜ ድምፁ "በረደው" ብለው የእናታቸውን ብርድ ልብስ ደረቡለት። ሌላ ጊዜ ማይኩን አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ለማስጠጋት ግማሽ ቀን ፈጁ፤ ያውም በማስመሪያ እየለኩ! ድምፁ አሁንም አልከብድ ካላቸው መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን መጨመር።

"ገና ነው! ትንሽ ይጨመርበት!"

እናትየው ከወጥ ቤት "ኧረ ልጄ፣ ያን ወፍጮ አጥፋልኝ!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በጨመሩበት ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል።

እንዲህ እያልን በሦስት ዓመት አንድም ዘፈን አልጨረስንም። እኔ ቤዝ ጊታር ነው የምመታው፤ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን መረረኝ። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ያዘጋጀው የአዳዲስ ባንዶች ውድድር የሚዘጋው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

"ስማ!" አልኳቸው አንቱታውን ረስቼ። "ዛሬ ዘፈኑ በሰዓቱ ካልተላከ ሌላ ባንድ እገባለሁ። ጠርተውኛል።"

"ትቀልዳለህ።"

"እናቴን!"

ላብ በላብ ሆኑ። ተስፋ ቆርጠው ይሁን ቸኩለው እንጃ፣ ዲስቶርሽኑን በግማሽ ቀነሱት። ያንኑ ምት ሁለት ጊዜ መትተው ቀዱ፤ አንዱን ለግራ ስፒከር፣ አንዱን ለቀኝ። ከሥራቸው የእኔን ቤዝ አስገቡና ከፈቱት።

ጉድ ፈላ! መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን። እናትየው ጭልፋ እንደያዙ ብቅ አሉ።

"አሁን ገና ሙዚቃ መሰለ!"

"የእኔ ጊታር ነዋ!" አሉ ሊቀ ነጎድጓድ ደረታቸውን ነፍተው። ሊያሳዩን ቤዙን ዘጉት። ያ ሁሉ ክብደት ብን ብሎ ጠፋ። መለሱት፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ደግመው ዘጉት፤ ጠፋ።

ዞረው አዩኝ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት አንተ ጋ ነው እንዴ ያለው?"

"እኔ ምን አውቄ! ተሰምቼ አላውቅም።"

ዐሥር ደቂቃ ቀርቶናል። "በቃ ላከው!" ብዬ ጮህኩ።

"ቆይ! የአንተ ቤዝ አሁንም በደንብ አይሰማም" አሉና ጊታሪስት ሲያደርገው አይቼ የማላውቀውን ነገር አደረጉ። የራሳቸውን ጊታር ዝቅ አደረጉ። ሰሙ። አሁንም ዝቅ አደረጉ። ልባቸው ሞልቶ ቀና ሲሉ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ሆኗል፤ ውድድሩም ተዘግቷል።

በቃሌ መሠረት መሄድ ነበረብኝ። ለዚያኛው ባንድ አለቃ ደወልኩና "ይቅርታ፣ አልመጣም" አልኩት። ለቤዝ ተጫዋች ሲል የራሱን ጊታር የሚቀንስ ጊታሪስት ዓለምን ብዞር አላገኝም። እወዳቸዋለሁ፣ አለቀ!