የተከበሩት ሥራ አስኪያጅና አሳፋሪው አረፋ

ታላላቅ ሰዎችን ትንሽ ነገር አያመልጣቸውም። የልጄን ሥራ አስኪያጅማ አረፋ እንኳ አላመለጣቸውም፤ ምስጋና ይግባቸው።

ፋብሪካቸው ሬንጅ ያዘለ አሸዋ በሙቅ ውኃ ያጥባል። አሸዋው ውኃ ስለሚወድ ይሰምጣል፤ ሬንጁ ውኃ ስለሚጠላ ከአሸዋው ተላቅቆ የአየር አረፋ ላይ ይለጠፍና ይንሳፈፋል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ማጠቢያ ገንዳውን የምትቆጣጠር ኬሚስት። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። እኔማ ከተቀጠረች ቀን ጀምሮ የስንብት ደብዳቤዋን ስጠብቅ ነበር።

እንግዶች ሊጎበኙ ሦስት ቀን ሲቀር ሥራ አስኪያጁ ገንዳው ዘንድ መጡ።

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«አረፋው ነው ጌታዬ። ሬንጁ...»

«እንግዳ እየመጣ ገንዳችን የዕቃ እጣቢ ይምሰል? ይገፈፍ! ይደፋ!»

«የምናመርተው እኮ እሱን ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ቋሚ ሆነሻል እንዴ?»

ቤት ገብታ ስትነግረኝ እጇን ይዤ ለመንኳት።

«በሞቴ ግፈፊው! ባሕሩንም ግፈፊ ቢሉሽ ግፈፊ!»

«መግፈፉን እገፍፋለሁ እማዬ። ለመድፋቱ ግን አንጀቴ አልቻለም።»

አርባ በርሜል ሞላች። በየበርሜሉ ላይ «ቆሻሻ» ብላ ጽፋ ጓሮ ደረደረችው።

በጉብኝቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የንጽሕና ባህልን ከማጎልበት አንጻር አመርቂ ውጤት አስመዝግበናል» አሉ። ተጨበጨበ። ውኃው መስተዋት ይመስላል፤ አሸዋው ያበራል። አንድ አዛውንት እንግዳ ግን እጃቸውን አወጡ።

«ሬንጁስ?»

ልጄ በጣቷ ወደ ጓሮ አመለከተች። አዛውንቱ ሄደው አንዱን በርሜል ከፈቱና «እንዲህ ያለ ሬንጅ አይቼ አላውቅም!» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ቅንድባቸው እንኳ ሳይነቃነቅ መለሱ፦

«አዎ፤ የኛ ቆሻሻ እንኳ ጥራቱን የጠበቀ ነው።»

በማግስቱ ልጄ የታሸገ ፖስታ ይዛ መጣች።

«አላልኩሽም? ተባረርሽ!»

«መጀመሪያ አንብቢው እንጂ፣ እማዬ።»

የቆሻሻ ማስወገጃ ክፍል ቋሚ ኃላፊ ሆናለች።

ይኸው እስከ ዛሬ የፋብሪካው ሬንጅ በሙሉ የሚወጣው ከቆሻሻ ክፍሉ ነው። የምርት ክፍሉ ደግሞ በሥራ አስኪያጁ የቅርብ አመራር እንከን የለሽ አሸዋ እያመረተ የዓመቱ ምርጥ ክፍል ተብሎ ተሸልሟል። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ ነኝ ልቤ ያላረፈው፤ ሰውየው ንጽሕና ስለሚወዱ አንድ ቀን ቆሻሻ ክፍሉን እንዳይዘጉት እፈራለሁ።