የአቶ ጥላዬ የራት ደንብ

ሰው ለመብላት ምን መልበስ አለበት? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ የሚበላው አፍ ነው፣ ልብስ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ግን እስኪ ራሳችሁን ታዘቡ። ድግስ ስትጠሩ ያን ነጭ ኩታ ከሳጥን የምታወጡት ለወጡ ብላችሁ ነው? ያንኑ አንድ ኩታ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ አዘቅዝቃችሁ፣ ትልቅ ሰው ፊት ስትቆሙ አደግድጋችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ መስቀለኛ አጣፍታችሁ ትለብሱታላችሁ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ቢሆንም አንድ ሰው ድግስ ላይ ኩታውን አዘቅዝቆ ቢመጣ ያየው ሁሉ ማን ሞተበት ብሎ ይደነግጣል። ፈረንጅም ከዚህ የተለየ አይደለም። እሱ ደንቡን ጽፎ በር ላይ ይለጥፋል፣ ያው ነው።

ይህን ያወቅሁት ከአቶ ጥላዬ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከተማችን ናዝሬት የሚለውን ስም ሳታውቅ ገና አዳማ ብቻ በነበረችበት ጊዜ፣ እኔ ባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ጥላዬ የምንጃር ልጅ ነው። በወጣትነቱ ከነጋዴ ጋር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ ማርሴይ በሚመላለስ የፈረንጅ መርከብ ተቀጥሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛ ማዕረግ የሚሄዱ መንገደኞችን ሲያገለግል ኖሯል። እኛ አገር ባላባት ቤት አሳላፊ የሚባለው፣ አጋፋሪ የሚባለው፣ ልብስ ጠባቂ የሚባለው ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ አንድ ሰው ቢሆን ጥላዬን ይሆናል። ለጌታው ገላ መታጠቢያ ውሃ ያሞቃል፣ የማታ ልብሱን አልጋው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ክራቫቱን ያስርለታል። ማታ ደወል ሲደወል ወንዱ ሁሉ ከኋላው ጅራት ያለው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ሴቷም ክንዷን ገልጣ ወደ ራት አዳራሽ ትወርዳለች። ያልለበሰ አይገባም። አንድ ከበርቴ ቀን የለበሰውን ነጭ ልብስ እንደለበሰ ቢመጣ ከበር መልሰውት፣ ራቱን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲያላምጥ እንዳመሸ ጥላዬ ሲያወራ፣ ጻድቅ ሲቀበር ያየ ሰው ያህል ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ይህን ሁሉ ጭኖ አዳማ መጣና ከጣቢያው ፊት ለፊት ስድስት ጠረጴዛ ያላት ሆቴል ከፈተ። ቀን ቀን የፈለጋችሁትን ለብሳችሁ ብሉ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ኮት ያልለበሰ አይገባም። ለሌለው ሰው በሩ ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ደስ አላቸው። እኛ የጣቢያ ሠራተኞች መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ኮት አሰፋን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ኮት ለብሼ ስቀመጥ እኔም አንደኛ ማዕረግ የምሄድ እየመሰለኝ መጣ።

እሱ ራሱ በራት ሰዓት ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ ነጭ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ከወንበራችሁ ኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ካላናገራችሁት አያናግራችሁም። ማንኪያችሁን ስታስቀምጡ ሳህናችሁን ያነሣል። ለዚህ ሁሉ ረዳት አልቀጠረም፤ መርከብ ያላየ ሰው አያውቅበትም ባይ ነው።

ይህ ሰው እንግዲህ ፍቅር ያዘው። ወለንጪቲ ገበያ ቅቤ ሊገዛ ሄዶ የኦቦ ጉደታን ልጅ ጫልቱን አየና ቅቤውን ረስቶ ተመለሰ። ኦቦ ጉደታ ብዙ ከብት ያላቸው፣ በአገሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሽምግልናው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። «እሷን ካላገኘሁ ሆቴሉን ዘግቼ ተመልሼ መርከብ እወጣለሁ» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም።

ኦቦ ጉደታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሰውየውን ቤት ማየት ፈለጉ። በባቡር መጡ። ጥላዬ ጣቢያ ድረስ ወርዶ «አካም ጅርቱ ኦቦ» እያለ ጉልበታቸውን ሳመ፤ በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ምነው ያን ጊዜ ባቡሩ ይዟቸው በተመለሰ!

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ጥላዬ ጓንቱን አጠለቀና ሌላ ሰው ሆነ። ደንቡን ለኦቦ ጉደታ ሊያላላ ይችል ነበር፤ ግን ለፈረንጅ ከበርቴ ያደረገውን ለወደፊት አማቱ ማጉደል ንቀት መሰለው። ጥቁሩን ኮት አወረደና በቡልኳቸው ላይ ደረበላቸው። ቡልኮው ወፍራም ነው፤ ኮቱ ጠባብ። ቁልፉ እምቢ አለ። ሽማግሌው እጃቸው ተወጥሮ፣ እንደ ማስፈራሪያ ተገትረው ተቀመጡ።

ሾርባ መጣ። ሁለት ማንኪያ ጠጡና ማንኪያውን አስቀመጡ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጨዋ እንግዳ ሁለት ሦስቴ ቀምሶ ይተዋል፣ ባለቤቱ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ይላል፣ እንግዳው «በቃኝ» ይላል፣ ባለቤቱ ይምላል፣ እንግዳው ተሸንፎ መብላት ይጀምራል። ኦቦ ጉደታ በሞቴን እየጠበቁ ነበር። ከኋላቸው ነጭ እጅ ብቅ አለና ሳህኑን ወሰደው። ዓሣ መጣ። ትንሽ ቆርሰው አቆሙ። ዓሣውም ሄደ። ሥጋው መጣ፣ ሥጋውም ሄደ፤ ሰላጣውም ጣፋጩም እንዲሁ። ሙሽራ አማቱ ፊት አይቀመጥም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን ቆሞም ቢሆን ይለምናል። አብሬያቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ሳህን ሊያነሣ በአጠገቤ ሲያልፍ የጥላዬን እግር ብረግጥ፣ እሱ አልነቃ አለ። ማታውን ሙሉ ሲኮራ አየዋለሁ፤ ሰባት ዓመት የተማረውን ጥበብ አንድም ሳያዛንፍ እየሰጣቸው ነበር። አምስት ሳህን አልፎባቸው ኦቦ ጉደታ ጦማቸውን አደሩ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ባቡር ሄዱ። በሳምንቱ መልስ ላኩ፤ እምቢ።

ጥላዬ ሁለት ቀን ሆቴሉን አልከፈተም። ሣጥኑን ማሰር ሲጀምር አላስቻለኝም፤ ወለንጪቲ ወረድኩ። ኦቦ ጉደታ በክብር ተቀበሉኝ። ጫልቱ ምግብ አቀረበች፣ እሳቸው በሞቴ እያሉ እስኪያቅተኝ አበሉኝ፣ እሷም ወተቱን ይዛ በአባቷ ጀርባ ቆመች። ከበላን በኋላ ምን እንዳስከፋቸው ጠየቅሁ።

«ሰውየው እጁን ምን ሆኗል?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነም።»

«ምንም ያልሆነ እጅ ቤት ውስጥ በጨርቅ ይሸፈናል? በሽታ ቢኖርበት ነው።»

ማልኩላቸው። የፈረንጅ ደንብ መሆኑን፣ መርከቡን፣ ደወሉን፣ ጅራት ያለውን ኮት ሁሉ ተረኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። እጁን ይቅር አሉ። አለመለመኑንም፣ «አገሩን ረስቶ ነው፤ ሰው ቢመክረው ይማራል» ብለው ይቅር አሉ። እኔ ልነሣ ስል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ነገር አለ። ወጡን እሱ ያመጣል፣ ሳህኑን እሱ ያነሣል፣ ሌላው ሲበላ እሱ ከኋላ ይቆማል። በገዛ ቤቱ! ይሄ አሳላፊ ነው። ልጄን ለአሳላፊ አልድርም።»

እውነት ነዋ። መሬት መሬቱን ሳይ ጫልቱ ከአባቷ ጀርባ ተናገረች፤ እኔን ነበር።

«ሌላው በልቶ እስኪጨርስ እውነት ቆሞ ይጠብቃል?»

«አዎን» አልኩ።

«ሳህኑንም ራሱ ያነሣል? ማንም ሳያዘው?»

«ማንም ሳያዘው።»

ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «አባ፣ እኔ ከእናቴ ጋር እዚህ ቦታ ላይ መቆም የጀመርኩት ጥርሴን ሳልነቅል ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ወንድ ካለ ሌላ አያሳዩኝ።»

ኦቦ ጉደታ ዞረው አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ። የሠርጉ ቀን ያኔውኑ ተቆረጠ።

በደስታ እየበረርኩ፣ ለጥላዬ የምሥራቹን ነግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እንደ ወትሮዋ ራቴን አቅርባ፣ የውሃውን ማሰሮ ይዛ አጠገቤ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ቆማለች፤ እኔ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ያን ዕለት አየሁትና አፈርኩ። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ላቅርብልሽ» አልኳት።

ማሰሮውን በቀስታ አስቀመጠችና መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ወለንጪቲ ወባ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለችኝ።