ትንሹ ካርድ፣ ትልቁ ካርድና የሹፌሩ አማች

ዓለም ላይ የሚገዙ ሰዎችና የሚያነጻጽሩ ሰዎች አሉ። የሚገዙት ገዝተው ይጠቀማሉ፣ ሲሰበር ይጥላሉ፣ ይረሱታል። የሚያነጻጽሩት ግን አይገዙም፤ ሌላውንም አያስገዙም። እንዲህ ያለ ሰው ከየቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ድንገት ከጠፋም በጋብቻ ይገባል። ለጡረተኛው ሹፌር የገባላቸው በትልቋ ልጃቸው በኩል ነው።

አማችየው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው ነጭን ከነጭ ማነጻጸር ነው። ትናንት የተመረተውን ነጭ ዛሬ ከተመረተው ነጭ አጠገብ ያደርግና አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ ይውላል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል! ሹፌሩ ይህን የሰሙ ዕለት "ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ምናቸውን ነው የምታየው?" ብለው ጠየቁት።

"ነጭ ሲሉ… ከምን አንጻር፣ አባባ?" አላቸው።

ያኔውኑ መንቃት ነበረባቸው። አልነቁም። ልጃቸውን ሊያገባ ሲመጣ "ትወዳታለህ?" አሉት። "ከማን ጋር ሲነጻጸር?" ብሎ መለሰ። ሹፌሩ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ሲነሱ ልጅቱ በሳቅ ፍርስ ብላ ያዘቻቸው።

"ተወው አባባ፣ ተፈጥሮው ነው። እኔንም ስንት ዓመት አነጻጽሮ ነው የመጣው።"

"ታዲያ አሸነፍሽ?"

"ያለፍኩ ይመስለኛል።"

ከዚያ ወዲህ ያደረሰውን በደል ዘርዝሮ የሚጨርሰው የለም። ጫማ ሊገዛ ገብቶ የግራውን ከአንዱ ዓይነት፣ የቀኙን ከሌላው አድርጎ ሲራመድ ሲራመድ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ዘበኛው ሮጦ መለሰው። ለመጀመሪያ ልጁ አልጋ ሲመርጥ የእንጨቱን ከብረቱ ጋር እያመዛዘነ በመቆየቱ አልጋው ቤት ሲደርስ ልጁ ከላዩ ዘሎ የሚወርድ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ቲማቲም ግዛ ተብሎ ከተላከ ቤተሰቡ ሌላ ነገር መሥራት ይጀምራል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ቻሉት። የልጃቸው ዕዳ ነው ብለው ቻሉት። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ።

የካርዱን ነገር ለመረዳት ግን ከሹፌሩ ዓይን መጀመር ያስፈልጋል።

ዓይናቸው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። ሐኪሟ እንዳስረዳቻቸው ከፊታቸው ያለውን አጥርተው ያያሉ፤ ከጎን የሚመጣው ግን የሚታያቸው አጠገባቸው ከደረሰ በኋላ ነው። የምታዝላቸው ጠብታ መጥበቡን ሊያቆመው ይችላል፤ ላያቆመውም ይችላል። በዚሁ ምክንያት መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ። አርባ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው አንጀቷ አልችል ብሎ ኮምፒውተር አመጣችላቸው፤ ከነመሪው፣ ከነፍሬኑና ከነነዳጅ መስጫው። ጨዋታው የጭነት መኪና መንዳት ነው። ስክሪኑ ላይ መንገዱም፣ ዳሽቦርዱም፣ ሹፌሮች ስፖኪዮ የሚሉት የጎን መስታወትም ሁሉም ከፊት ለፊት ተሰብስቦ ይታያል። ለጠበበ ዓይን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሹፌሩ መሪውን የጨበጡ ዕለት ከወንበራቸው ሳይነሱ እስከ ምሳ ነዱ።

ችግሩ ኩርባ ላይ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተር ጨዋታን እንደ ፊልም አስቀምጦ አያሳይም። እያንዳንዷን ስዕል እዚያው በዚያው ይስላል፣ ያሳያል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይስላል። ይህን የሚስለው ዕቃ ግራፊክስ ካርድ ይባላል። በሴኮንድ ስልሳ ስዕል ከሳለ መንገዱ እንደ ውሃ ይፈሳል። አሥራ አምስት ብቻ ከሳለ መኪናው እንደ እንቁራሪት ይዘላል። የሹፌሩ ካርድ አሮጌ ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይ እንደምንም ይስላል፣ ኩርባ ላይ ዛፉም፣ ቤቱም፣ ድልድዩም በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ይደነብራል። እሳቸው መሪውን ያዞራሉ፤ ስዕሉ ይዘገያል፤ ስዕሉ ሲደርስ መኪናው ገደል ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ ሲገለበጡ አየ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ገደሉን እያየ "ሰው አልተጎዳም?" አለ። ሹፌሩ ይህን ጥያቄ እስከዛሬ አልረሱትም።

"አንዲት ጎማ ከአስፋልት አውርጄ የማላውቅ ሰው፣ ሳሎኔ ውስጥ ስገለበጥ ልዋል?" ብለው ጮኹ።

መፍትሔው ካርዱን መቀየር ነው። ሰፈራቸው ያለው የኮምፒውተር ሱቅ ለዚያ ማሽን የሚሆን ሁለት ካርድ አለው። ሁለት ብቻ! አንዱ ትንሽና ረከስ ያለ፣ ሌላው ትልቅና ወደድ ያለ። ለጤነኛ ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። ለአነጻጻሪ ግን ሁለት ማለት ማለቂያ የሌለው ቁጥር ነው። ልጅቱም ምን ነክቷት እንደሆነ አይታወቅም፣ "ባለቤቴ ይምረጥልህ" አለች።

አማችየው በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊቱ በርቶ መጣ።

"አባባ፣ ትንሹ ያሸንፋል።"

"ተባረክ! ግዛው።"

"ቆይ እንጂ፣ ያሸነፈው በዋጋ ነው። ዋጋውን በሚስለው ስዕል ብዛት ሲያካፍሉት እያንዳንዷ ስዕል በትንሹ ካርድ ርካሽ ናት። በብዛት ከሆነ ግን ትልቁ ይበልጣል።"

"እኔ ስዕል በችርቻሮ ልሸጥ ነው እንዴ?"

በሁለተኛው ቅዳሜ ትልቁ አሸነፈ። በሦስተኛው ደግሞ አማካይ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ንዴቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ብንሰማው ደስ የሚል ነገር ነው። ካርዱ በሴኮንድ በአማካይ ሰባ ስዕል ይስላል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ዘጠና ስሎ፣ በጣም ሲቸገር ወደ ሃያ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የሚገለብጠው ደግሞ ሃያው ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን የባሰው ሰዓት ነው። ሹፌሩ ይህ ወዲያው ገባቸው።

"ገደል የገባም ሰው ጥሩ አማካይ ፍጥነት ይኖረዋል" አሉ።

"እንዴት አድርገው ገለጹት!" አለ አማችየው በደስታ። ከዚያም ዕቃ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ሄደ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። "እናንተ ሰዎች፣ ያ ካርድ ሙሽራ ቢሆን እስካሁን ወልዶ ነበር" አሉ።

በአራተኛው ቅዳሜ ግን አማችየው ፊቱ ጠቁሮ፣ ልብሱ በዝናብ ርሶ ደረሰ። ቁጭም ሳይል "ሁሉንም እንደገና መለካት አለብኝ" አለ።

"ምን?"

"እስካሁን የለካሁት ልክ አልነበረም። ሌሎች ሰዎች የለኩትንም አየሁ፤ እሱም ልክ አይደለም። ሁላችንም ስተናል።"

"ምኑን ነው የሳትከው?"

"ውጤቱ ሳይወጣ ባልናገር ይሻላል፣ አባባ።"

ሹፌሩ ከሶፋው ተነሱ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው እንዲያ አይነሳም።

"ስማ፣ ክቡር ዳኛ! ይግባኙ በዛ! አንተ ነጭና ነጭ ስታይ ጡረታህ ድረስ መዋል ትችላለህ፤ ዓይንህ ጤነኛ ነው። የእኔ ዓይን ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም! ጠፍቶ ሲያልቅ ምን ላደርገው ነው፣ ካርዱን በዳበሳ ልነዳው?"

አማችየው "ትንሽ ጊዜ ብቻ" ብሎ ወጣ። በአምስተኛው ቅዳሜ ብቅም ሳይል ሲቀር ባለቤታቸው ኮታቸውን ከመስቀያው አውርደው ሰጧቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ እግር የለህም? ሂድና ራስህ ግዛ።"

ሰኞ ጠዋት ሄዱ። ዱላቸውን እያንኳኩ፣ በየመንገዱ ለሚያገኟቸው ሁሉ ስለ አማች ምንነት እያስረዱ ሄዱ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በገመድና በመሪ ተሸፍኗል፤ ጥግ ላይ ደንበኞች የሚሞክሩበት አንድ ኮምፒውተር አለ። ሻጯ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ተቀበለቻቸው።

"ካርድ ስጪኝ፣ ልጄ። የትኛውም ይሁን።"

"ለምን ዓይነት ጨዋታ ነው፣ አባባ?"

"ለከባድ መኪና።"

ሻጯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እንዴ! የስፖኪዮ አማች እርስዎ ነዎት?"

"ስፖኪዮ ማን ነው?"

"ውይ ይቅርታ፣ እኛ ነን ያወጣንለት። ቀለም ፋብሪካ የሚሠራው ሰውዬ። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ይመጣል። ትንሹን ካርድ አስገቡልኝ ይላል፤ እናስገባለን። በዝናብ፣ ወደኋላ፣ መጋዘን ውስጥ መኪና ያቆማል። ከዚያ ትልቁን አስገቡልኝ ይልና እንደገና ያንኑ። አነዳዱን ቢያዩት… አጥር አይቀረው፣ በር አይቀረው! ደንበኞቼ ሻይ ይዘው ነው ቆመው የሚያዩት።"

"ለምን ወደኋላ?"

"ለስፖኪዮው ነዋ። ካርድ የሚለኩ ሰዎች በሙሉ ስፖኪዮውን አጥፍተው ነው የሚለኩት፤ ካርዱን ያደክማላ። ከፊት ያለውን መንገድ ስሎ ሳይጨርስ በግራ መስታወት የኋላውን፣ በቀኝ መስታወት እንደገና የኋላውን መሳል አለበት። አንድ ካርድ፣ ሦስት መንገድ። እሱም መጀመሪያ እንደ ሌላው አጥፍቶ ነበር የለካው። አንድ ቅዳሜ በዝናብ እየሮጠ መጣና 'በሉ ሁሉንም አብሩት፣ ከዜሮ እንጀምራለን' አለን። ምን ተገኘ ስንለው…" ሻጯ ሳቋን ዋጠች። "'አማቴ መንገድ አያዩም' አለን። 'አንዴ መንገዱን፣ ሦስቴ ስፖኪዮውን ነው የሚያዩት። ስፖኪዮ የሌለበት ካርድ ብሰጣቸው መኪና ሰጠኋቸው ማለት አይደለም።'"

ሹፌሩ ባንኮኒውን ተደገፉ። አርባ ዓመት አብረዋቸው የተጓዙ ነበሩ፤ ጫኝ፣ አውራጅ፣ ረዳት፣ መንገደኛ። ዓይናቸው የት የት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አንድም አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም ነበር።

"እና ማን አሸነፈ?" አሉ።

"ትንሹ ስፖኪዮው ሲበራ ዝናቡ ላይ ተንበረከከ። ትልቁ ይዟል እስካሁን። አንድ ፈተና ቀርቷል፣ ሙቀት። ሙሉ መንገድ ሳያርፍ ሲነዳ ይደክም እንደሆነ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሊሞክረው ነው። አሁን ትልቁን ልጠቅልልልዎት?"

የኪሳቸውን ቦርሳ አውጥተው ይዘውት ነበር። ሲያዩት፣ ሲያገላብጡት ቆዩና መለሱት።

"ፈተናው ይለቅ" አሉ።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው "የታለ?" ቢሏቸው "ሱቁ ዝግ ነው" ብለው ዋሹ። እስከ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን አልከፈቱም። አማችየውንም ቢሆን ይቅር አላሉትም፤ ተናግሮ ቢሆን ኖሮስ? አንድ ቃል! ሰው እንዴት መልካም ሥራውን እንደ ሌባ ደብቆ ይሠራል? እንዲያውም በዚህ ይበልጥ ተናደዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሲደርሱ ሻይ የያዙ ሰዎች ቆመው ነበር። አማችየው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ በዝናብ ወደኋላ እየመጣ ነው። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ፣ መሪው ወደ ቀኝ፣ ሰውየው ወደ ሁለቱም።

"ቀኝ ስፖኪዮህን እይ!"

አማችየው በድንጋጤ ነዳጅ ረገጠ። የመጋዘኑ በር ተገጭቶ ሄደ። ተመልካቹ አጨበጨበ።

"አባባ! እኔ… ይቅርታ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ማለቴ…"

"ሙቀቱን ትተህ ወንበር አምጣ። እንደገና ውጣና ና። ዓይንህን ከፊት አንሳ፣ እዚያ የሚጠብቅህ የለም። ተሳቢውን በመስታወት እየው። ና… ና… ቀስ… አሁን መልሰው… ና… ቁም!"

መኪናው መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ትንሽ ጠመም ብሎ፣ ግን ቆሞ። አማችየው ከግንባሩ ላብ ጠረገ። ሹፌሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና "ውረድ" አሉት። ወረደ። እሳቸው ወጡ።

መጀመሪያ መጋዘኑን ለቀው ወጡ፤ ከዚያ ከተማውን፣ ከዚያ ኩርባውን ጀመሩ። ዛፉም፣ ድልድዩም፣ ዝናቡም በአንድ ጊዜ መጣ። መንገዱ አልተቆራረጠም። አንዴ መንገዱን፣ ሦስቴ መስታወቱን እያዩ ሄዱ፤ አማችየው ጎናቸው በረዳት ወንበር ተቀምጦ የካርዱን ሙቀት እያነበበ "ደህና ነው አባባ፣ ደህና ነው" ይላል። ሻይ የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ ወጡ፤ የሚገለበጥ ሰው የለም፣ ምን ያያሉ?

እኩለ ቀን ላይ ስልካቸው ጮኸ። አማችየው አንስቶ ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ የት ገባህ? ምሳው በረደ! ገዛችሁ አልገዛችሁም?"

ሹፌሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አዩ፤ መድረሻቸው ገብተዋል፤ ካርዱም ፈተናውን አልፏል። ዞር ብለው አማቻቸውን አዩት። እሱ ዓይኑን ከሙቀቱ አልነቀለም።

"ገና ነን" አሉ። "የመልሱ መንገድ ቀርቶናል።"