በሯ የማይገጥም ቅጥቅጥ

በየሰፈሩ ያለቀ ሥራ የሚያፈርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው «እሰይ፣ አማረ» ሲለው እሱ ጠመም ያለች ነገር ታይታው መፈንቀያ ፍለጋ ይሄዳል። በሐይቅ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ጎረቤቴ ሊቀ ሙጫ ጋሽ ሽታው ናቸው። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይግባኝ ያለ የለም።

ጋሽ ሽታው ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴና በወልዲያ መካከል ቅጥቅጥ አውቶብስ ሲነዱ ኖረዋል። መንዳት ካቆሙ ወዲህ ያችኑ አውቶብስ ከጫማ በማትበልጥ መጠን ከብረት ይሠራሉ። አካሏ ከቲማቲም ጣሳ፣ ጎማዋ ከቆርኪ፣ የበሯ ማጠፊያ ከተሰበረ ዣንጥላ፣ መሪዋ ከጉትቻ ነው። ሁሉም የሚያያዘው ሱፐር ግሉ በሚባለው ሙጫ ነው። ሱፐር ግሉ አንዴ ከያዘ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ጋሽ ሽታው ግን ይለውጣሉ።

«ትንሽ ነው የቀረን» ይሉኛል ማታ። በማግስቱ ስሄድ ጣሪያዋ ተነቅሎ፣ ጎማዎቿ ሳህን ላይ ተደርድረው አገኛለሁ። «የቀረን» ያሉት እኔን ጨምረው ነው። ማን እንደቀጠረኝ አላውቅም።

የደረቀ ሙጫ ከጥቃቅን ብረት ላይ ማስለቀቅ፣ እንደ ሊቀ ሙጫ ትምህርት፣ ወግ አለው። መጀመሪያ ብረቱ ውሃ ውስጥ ይፈላል። ለዚህም የባለቤታቸው የእትዬ አሰገደች የሽሮ ድስት ተወርሷል። «የሰው ባል ሥጋ ገዝቶ ይገባል፤ የእኔው ብሎን ይቀቅላል» ይላሉ እትዬ አሰገደች፣ ላገኙት ሁሉ። በፈላ ውሃ እምቢ ያለው አሴቶን ውስጥ ይዘፈዘፋል። አሴቶኑ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት የሉብና ነው፤ የጥፍር ቀለም ታስለቅቅበታለች። «ጋሼ፣ ዛሬም ጥፍርዎን ነው?» ትላቸዋለች በር ላይ ሲታዩ። እሳቸው ፊታቸውን ሳይፈቱ ጠርሙሱን ተቀብለው ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ቸኩዬ ምላጭ ሳነሳ እጄን ይይዙታል።

«አትፋቀው፣ ይለዝብ።»

ከወንድሜ ጋር የተጣላሁ ጊዜም ያሉኝ ይኸንኑ ነበር። ሠርቷል፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

ዘንድሮ መለዘቢያ ጊዜ ጠፋ። የረጅም ዘመን የአውቶብስ ረዳታቸው ጋሽ ኡበይድ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ጅማ ሊሄዱ ሆነ። አውቶብሷ የተሠራችው ለእሳቸው ነው። ጋሽ ሽታው ሳያስረክቧት ጓደኛቸው እንዳይሄዱባቸው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም እንደ ልማዳቸው በማፍረስ ገለጹት። መንገዱ እሑድ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ዕለት ጣሪያው ተነቀለ። ቅዳሜ ከሰዓት ተመልሶ ሲገጠም አንዲት የሙጫ ጠብታ ወደ በሩ ማጠፊያ ወረደችና በሩ ድርቅ ብሎ ቀረ።

ድስቱ ተጣደ፤ አሴቶኑ መጣ። ያን ቀን ጋሽ ሽታው «ይለዝብ» ማለትን ረስተው ራሳቸው በመርፌ ፋቁ። በሩ ተላቀቀ፤ ማጠፊያው ግን በመርፌው ጎበጠና አልገጥም አለ። ጋሽ ሽታው «እንግዲህ ከነጎማዋ ማፍረስ ነው» ሲሉ፣ ጋሽ ኡበይድ ሊሰናበቱ ገቡ።

አውቶብሷን ከጋሽ ሽታው እጅ ወስደው ዞር ዞር እያደረጉ አዩዋት። በሩን በአውራ ጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት ተመልሶ ከፈት አለ።

«በሩ ነው ያስቸገረኝ» አሉ ጋሽ ሽታው መሬት መሬት እያዩ። «ትንሽ ጊዜ ብትሰጠኝ...»

«የኛ መኪና በር መቼ ገጥሞ ያውቅና ነው?» አሉ ጋሽ ኡበይድ። «ከመርሳ እስከ ሐይቅ በእጄ ይዤው አልነበር የምቆመው? ወላሂ ገጥሞ ባገኘው የሰው መኪና ነው የምልህ።» ከዚያ ያችን ትንሽ በር በጣታቸው ያዙና፣ ረዳት ለሾፌሩ እንደሚለው፣ «ሳበው ሽታው» አሉ።

ጋሽ ሽታው መርፌውን አስቀመጡ። «አለቀች» አሉ ከዚያ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኡበይድ ከሄዱ ወዲህ ሊቀ ሙጫ እጃቸውን አጣምረው በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። «ሲቀቅል ይሻለኝ ነበር» አሉኝ እትዬ አሰገደች በሹክሹክታ። እኔም ብሆን እሳቸውን ሥራ ፈተው ማየት አላስችል አለኝ። ስለዚህ ትናንት የመነጽሬን ማጠፊያ ሆን ብዬ በሱፐር ግሉ ሞላሁት፤ እስኪደርቅ ጠብቄ ይዤላቸው ሄድኩ።

ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እንጃ» አልኩ።

እትዬ አሰገደች ሳይጠየቁ ድስቱን አመጡ። ጋሽ ሽታው በወዲያኛው በኩል ያለውን፣ ምንም ያልሆነውን ማጠፊያ ትክ ብለው አዩና እሱንም ፈተው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ትንሽ ነው የቀረን» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ያለ መነጽር፣ ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ነው። ደስ ብሎኛል።