የፌቨን ሽማግሌዎች

እኛ ሐበሾች ወደዚህ አገር ስንመጣ ብዙ ነገር ኤርፖርት ላይ አራግፈናል፤ ሽማግሌ መላክን ግን የትኛውም ፈታሽ አላገኘብንም። ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ኢንሹራንስ ስለምሸጥ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። ሰውየው ፓርክ የተደረገ መኪና ይገጫል። ኢንሹራንሱ ሙሉ ነው፤ አንድ ስልክ ቢደውል ያልቃል። እሱ ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ሦስት ሽማግሌ ሰብስቦ ባለመኪናው በር ላይ ያቆማል። ሽማግሌ ደግሞ ታውቁት የለ? «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብሎ ይገተራል። በእኔ ልምድ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ሲላክ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል።

አምና ጋሽ መኮንን ቢሮዬ መጡ። ሠላሳ ዓመት ጋርዴና ከተማ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሲቆጡ ጢማቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። «ፌቨንን ምከሩልኝ» አሉ። ፌቨን የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ነርሲንግ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ቤዝቦል! የአገሪቱ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ለመጨረሻው ምርጫ ጠርቷታል፤ ለመሄድ ደግሞ ትምህርቷን አንድ ሴሚስተር ማቋረጥ አለባት።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ደመወዝ የለው፣ ጡረታ የለው! ከሄደች ቤቴን አትርገጥ ብያለሁ» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። አሳዘኑኝ። ልጁን ያባረረ አባት እሱም ያው ደጅ ነው የሚያድረው።

ጡረተኛውን የታክሲ ሹፌር ጋሽ ንጉሤን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ በርባንክ ከተማ ሜዳ ልምምድ ላይ ናት ተባልን። ጋሽ ንጉሤ በዚያ ፀሐይ፣ ለወጉ ብለው፣ ጋቢ ደርበዋል። ከሽቦው አጥር ጀርባ ቆምን። አሠልጣኙ ሁለት ወንበር አመጣልን፤ አንቀመጥም አልነው። ግራ ገብቶት ወንበሮቹን ይዞ ተመለሰ።

ፌቨን ከወንዶች ጋር ነው የምትለማመደው። ኳሷን ወረወረች። በር የሚያህለው ጎረምሳ ዱላውን ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ ሦስት ጊዜ አየር መታ። ቀጣዩም እንዲሁ። «ኧረ ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው?» አሉ ጋሽ ንጉሤ። የጨዋታውን ሕግ አንዳችንም አናውቅም፤ አየር መምታት ግን የትም አገር ሽንፈት ነው።

ለእረፍት ስትወጣ መጥታ ሳመችን። መከርናት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችን።

«ጋሼ፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የሴት ጨዋታ ባለትልቅ ኳሱ ሶፍትቦል ነው፣ ወደዚያ ሂጂ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሃይስኩል ከወንዶቹ ጋር ስጫወት ልብስ የምቀይረው ባባ መኪና ውስጥ ነበር። በየሜዳው ድራይቭ ያደረገኝ እሱ ነው። ሶ፣ አሁን ምን ተገኘ? ነርሲንጉን ተመልሼ እጨርሳለሁ። ይሄ ግን አይጠብቀኝም።» እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። «ሽማግሌ ናችሁ አይደል? እንግዲያው እኔም ልላካችሁ። ባባን ለምኑልኝ።»

ከጋሽ ንጉሤ ጋር ተያየን። ተልከን ሄደን ተልከን ስንመለስ የመጀመሪያችን ነው።

ጋሽ መኮንን በራቸው ላይ ሲያዩን የተሳካልን መስሏቸው «ግቡ፣ ተቀመጡ!» አሉ።

«አንቀመጥም» አልን።

ገባቸው። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «የእኔ ሽማግሌዎች አልነበራችሁም እንዴ?»

«ነበርን።» መኪናቸው ውስጥ ልብስ ትቀይር ስለነበረችው ልጅ ነገርናቸው። ቴሌቪዥን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ጓዳ ገብተው ወጡ። እኛ እንደቆምን ነን። ጋሽ ንጉሤ ጉልበታቸውን ይዘው ማቃሰት ጀመሩ፤ የእውነት ይሁን የውሸት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። በመጨረሻ ጋሽ መኮንን ወንበር ሳቡ። «ትምህርቷን ባትጨርስ እናንተን ነው የምይዘው። በሉ ተቀመጡ!»

ፌቨን ተመረጠች። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረች ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሰዉ ተቀምጦ ፈንዲሻውን ይበላል፤ ጋሽ መኮንን ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላችን አንዲት ሴት በትሕትና እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። አልሰሟትም። ኮታቸውን ሳብ አድርጌ «ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ፣ ሰው ጋረዱ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አላነሡም። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፤ የዛሬው ግን የቁጣ አልነበረም።

«ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም» አሉ።

ምን ላድርግ? እኔም ተነሣሁ።